የሚነጫነጨው ሆም ቲያትር

ይሄነው ዕቃ ሳይከፍት ፍርድ የሚሰጥ ጠጋኝ ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ፣ ሰውየው ገና ሬዲዮውን ከዘንቢል ሳያወጣ «ኮንደንሰሩ ነው» ይላል። ምን ይደረግ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ኮንደንሰሩ ይሆናል! ከከላላ ድረስ ቴፕ በበቅሎ ጭነው የሚመጡለት ደንበኞች አሉት። ደሴ ስድስት ወር የተማረውን ትምህርት ሲያወራው ስድስት ዓመት ይመስላል፤ ሰዉም ለምዶታል፣ አይታዘበውም።

ያን ዓርብ እትዬ ድንቅነሽ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጣፉ ሱቁ ደጃፍ መጥተው «ተነሥ!» አሉት።

«ወዴት እትዬ?»

«ወደ ቤት ነዋ። ሆም ቲያትሩ ታሟል። አሥር ሰዓት ላይ ሰብሌ ትደውላለች። ከዚያ በፊት ካልዳነ አለቀልኝ በቃ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰብሌ የእትዬ ድንቅነሽ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእናቷ አምስት ስፒከርና አንድ ትልቅ ባስ ያለው ሆም ቲያትር ላከች። ከደሴ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሲገባ ሰፈሩ ወጥቶ ነው የተቀበለው። አሁን ውሏ በዚህ ወር ያልቃል፤ ልትመጣ ነበር፤ እናትየውም የምትተኛበትን አልጋ አሠርተው ጨርሰዋል። መሃል ላይ አንድ ወሬኛ «እናትሽ ቤት ያለው ዕቃ ይነጫነጫል፤ ፎርጅድ ነው የላክሽው» ብሎ አስነገራት። ሰብሌ ደግሞ ኩሩ ናት። «እማዬ፣ ፎርጅድ ልኬልሽ በምን ዓይኔ አይሻለሁ? ዓርብ ስደውል በስልክ አሰሚኝ። እውነት ከሆነ ሁለት ዓመት ጨምሬ እፈርምና ደህናውን ይዤ እመጣለሁ» አለች። ካለች ደግሞ አለች ነው።

«ወሬኛው ማነው ግን?» አለ ይሄነው በመንገድ ላይ።

«ማን ይሆናል! የኔአለም ናታ። ልጇ እዚያው ጅዳ አይደለች?»

ሲደርሱ ጎረቤትየዋ ወይዘሮ የኔአለም ራሳቸው በሩ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። «እኔ እኮ የተናገርኩት ለልጅቱ አዝኜ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አዝነሽ ገደልሽኝ! ዞር በይ፣ እንግባበት» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

ሆም ቲያትሩ ቡፌው ላይ ተኮፍሷል። ስፒከሮቹ አምስቱም ነጭ ዳንቴል ደርበዋል። ባሱ ደግሞ ጥልፍ ያለው ሰፊ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፤ ክርስትና ሊነሣ የተዘጋጀ ሕፃን ነው የሚመስለው። እትዬ ድንቅነሽ ሪሞቱን ተጫኑና መዝሙር ከፈቱ። ጉድ ነው! ዘማሪዎቹ ሁሉ አፋቸውን ቆሎ ሞልተው የሚዘምሩ ይመስላሉ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ዝርርር ይላል።

«ኮንደንሰሩ ነው» አለ ይሄነው።

«ሳትከፍተው?» አሉ የኔአለም።

«ድምፁ ይናገራል እኮ።»

«እኛንስ ያስቸገረን ድምፁ አይደል?»

ይሄነው ካቻቢቴውን አውጥቶ ዕቃውን ፈታ። ከኮንደንሰሮቹ፣ ከነዚያ መብራት ከሚያጠራቅሙ ትንንሽ በርሜሎች፣ አንድ እንኳ ያበጠ የለም፤ ከፋብሪካ እንደወጡ ተደርድረዋል። የኔአለም አንገታቸውን አስግገው አዩና «ደህና ናቸው?» አሉ። «ደህና ናቸው» አለ በግድ። መልሶ ገጠመና «እንግዲያስ መብራቱ ነው» አለ። ቴስተሩን ሶኬት ውስጥ ከተተ፤ መብራቱ እንደዛሬ ደህና ሆኖ አያውቅም። ወደ ሽቦው ዞረ። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ተገጥሟል፤ የላላ የለ፣ የተላጠ የለ። «መዝሙሩ ያለበት ፍላሽ ነዋ!» አለና ከራሱ ስልክ ሌላ መዝሙር ለቀቀ። እነዚያም ቆሎ ይዘዋል።

«የመካነ ሰላም ዘማሪ ሁሉ ቆሎ ለመደ?» አሉ የኔአለም።

«ወይዘሮ የኔአለም፣ በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

የቀኙን ስፒከር ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረ። ሁለቱም እኩል ይነጫነጫሉ። የኋላዎቹንም ሞከረ፤ ያው ናቸው። ይሄነው ቆሞ ራሱን አከከ። አንድ ስፒከር ይታመማል፣ ሁለትም ይታመማል፤ አምስት ስፒከር ግን ተማክሮ በአንድ ቀን አይታመምም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

እትዬ ድንቅነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ይሄነው» አሉት፣ ቁጣው ሁሉ ከድምፃቸው ወጥቶ። «አራት ዓመት ችያለሁ። ሌላ ሁለት ዓመት ግን አልችልም። እድሜዬን እያየኸው ነው። ልጄ ናፈቀችኝ፤ ይኸው ነው።»

«አብሽሩ እትዬ» አለ፤ ግን ፈርቷል። እስከ ዛሬ በሥራው አፍሮ ያውቃል፣ ፈርቶ ግን አያውቅም። የዕቃውን ድምፅ ከፍ አደረገና መዳፉን ስፒከሩ ላይ፣ ከነዳንቴሉ፣ ጫን አደረገ። ዝርርሩ ቆመ። እጁን አነሣ፤ ዝርርር። መልሶ ጫነ፤ ጸጥ። ዳንቴሉን ገለጠ። ከሥሩ፣ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ እንደተወጠረ ያብለጨልጫል።

ሲገባ አይቶት ነበር እኮ! ሪሞቱ በላስቲክ፣ ቴሌቪዥኑ በላስቲክ፣ ሶፋው በላስቲክ። ግን መካነ ሰላም ውስጥ ላስቲኩን ያወለቀ ዕቃ የት አለና ነው በላስቲክ የሚጠረጥረው? የራሱ የይሄነው ቴሌቪዥን ከሰርጉ ጀምሮ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው፤ ዜና የሚያየው በጉም ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ዓይኑን አጥብቦ ነው። ላስቲኩን ቢነካው ሚስቱ ቤት አታሳድረውም።

ወደ ባሱ ሄደና ጨርቁን ገለጠ። ከኋላው ያለው ክብ ቀዳዳ በአንዳች ነገር ተወትፏል። ጎትቶ ቢያወጣው፣ ቢያወጣው አያልቅም፤ ግማሽ ጋቢ ወጣ።

«ይሄስ ምንድን ነው እትዬ?»

«አይጥ እንዳይገባበት ነዋ! የሠሩት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው ክፍት የተዉት?»

«መተንፈሻው ነው እኮ።»

«ይተንፍስ፣ ማን ከለከለው? እኔስ በጋቢ ተሸፋፍኜ እተነፍስ የለ?»

የኔአለም በሳቅ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ይሄነውም ሳቀና እጁን ዘረጋ፦ «እሺ፣ አሁን መቀስ ይስጡኝ። ላስቲኩን ልቅደደውና ተገላገልን።»

እትዬ ድንቅነሽ ዘለው ቡፌው ፊት ቆሙ። «አይነካም!»

«እንዴት?»

«እሷ ናት የምትቀደው! ስትመጣ በገዛ እጇ ትከፍተዋለች ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ አላስነካሁትም። ላስቲኩ ከተቀደደ አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው? አሮጌ ዕቃ ልቀበላት?»

«እትዬ፣ ላስቲኩ ካልተቀደደ እኮ አትመጣም።»

ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። እትዬ ድንቅነሽ አንዴ ስፒከሩን፣ አንዴ ስልካቸውን ያያሉ። የኔአለም ተነሥተው ወጡ። «ደግሞ ይቺ የት ሄደች፣ ለጅዳ ልትነግር?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ። የኔአለም ግን ከቤታቸው መቀስ ይዘው ተመለሱና እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። «እንኪ፣ ድንቅዬ። ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እንባሽን ግን ለሰብሌ አልነግርም።»

እትዬ ድንቅነሽ ላስቲኩን ራሳቸው ቀደዱት፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ሰው ቁስል እየተጠነቀቁ። አምስቱንም ሲጨርሱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «በል ክፈተው» አሉ።

ቆሎው ከሁሉም አፍ ወጣ። ከበሮው ከበሮ ሆነ። አንዷ ዘማሪ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል። ወይዘሮ የኔአለም እልል አሉ፤ እልልታው ሳያልቅ ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ እስቲ አሰሚኝ» አለች ሰብሌ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ። እትዬ ድንቅነሽ ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ሰብሌ አዳመጠች። «ውይ፣ ይሄማ ጥርት ያለ ነው! ምን ሆኖ ነበር ታዲያ?»

«ላስቲኩ ነበር። አሁን ቀደድኩት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ? እማዬ!» ሳቋ ስልኩን ሞላው። ሲበርድላት ግን ድምፅዋ ለዘብ አለ። «እፎይ! ዕቃው ደህና ከሆነማ ልቤ አረፈ። እንግዲህ... ማዳሜም አትሂጂብኝ እያለች ነው። ሐሳብ ከሌለብኝ፣ ዝም ብዬ ሁለቱን ዓመት ልጨምር ይሆን? ምን ትያለሽ?»

ይሄነው ክው አለ። ጠግኖ ጠግኖ ልጅቱን እዚያው ሊያስቀራት! እትዬ ድንቅነሽም ፊታቸው ወረደ፤ ነይ ማለቱ ግን ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ ልጇን ከእንጀራዋ አስቀረች እንዳይባሉ ይፈራሉ።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ላስቲኩ ግን ተቀዷል። ከዛሬ ጀምሮ ማርጀት ጀምሯል። እኔም ያው ነኝ።»

«ይሄነው እዚያ ነው?» አለች ሰብሌ። «ስጪኝ። ይሄነው፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ይሄ ዕቃ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

እንዲህ ያለው ዕቃ በወጉ ከተያዘ አሥር ዓመት ይሄዳል። እንደ እትዬ ድንቅነሽ የሚይዘው ሰው ካገኘ ደግሞ አሥራ አምስት። ይሄነው ይሄን ያውቃል። ቀና ሲል፣ እትዬ ድንቅነሽ የተቀደደውን ላስቲክ እቅፋቸው ውስጥ እያጣጠፉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ቢበዛ ቢበዛ» አለ ይሄነው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እስከ ፋሲካ ነው።»

ፋሲካ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። በስልኩ ውስጥ የሰብሌ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አልለየለትም።

«ከዚያ በፊት ካልመጣሁ አልሰማውም ማለት ነው?»

«አትሰሚውም» አለ ይሄነው።

«እንግዲያው ለእማዬ ንገራት» አለች ሰብሌ፣ «ድምፁን ቀነስ አድርጋ ትጠብቀኝ፣ እንዳታስጨርሰው።»