አወቅከኝ?

አባዬ ዳሌው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን በሆነ ማግስት ሐኪም ቤቱን ኮልፌ ያለው ጋራዡ አድርጎት ቁጭ አለ። የጉሉኮሱን ቱቦ እያየ "ዘይት ያፈሳል፣ ቁልፍ አቀብሉኝ!" ይላል።

ጠያቂው ደግሞ አያሳርፈውም። የገባው ሁሉ አልጋው ላይ አጎንብሶ "አወቅከኝ? እስቲ ማን ነኝ?" ይለዋል። አባዬ ይጨነቃል፣ ይሳሳታል፣ ከዚያ ይቆጣል። ከሁሉም የባሰችው አክስቴ ዋጋነሽ ናት። ስሟን ሲስት ግድግዳውን ተደግፋ "ወንድሜ አበደብኝ!" እያለች ታለቅሳለች።

በመጨረሻ ነርሷ ተቆጣችን። "አላበዱም። ትልልቅ ሰዎች ሲታመሙ እንዲህ ይደናገራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃቸዋል። ለምን ትፈትኗቸዋላችሁ? ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳሉ ራሳችሁ ንገሯቸው። ደግሞ መነጽራቸው የታለ?"

መነጽሩ አክስቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እንዳይሰረቅ ብላ ነው። ተቀብዬ አደረግኩለት። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ "ጥያቄ ክልክል ነው" ስል ያልተቀየመኝ ዘመድ የለም። ይቀየም! እኔ አባዬ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር እጁን ይዤ "ዮዲ ነኝ፣ ልጅህ። ሐኪም ቤት ነን፤ ዳሌህን ታክመሃል" እለዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ገልጬ "አባዬ፣ ዮዲ ነኝ፣ ልጅህ" ብዬ ስጀምር፣ ከመነጽሩ በላይ ትክ ብሎ አየኝና ወደ አክስቴ ዞረ።

"ዋጋነሽ፣ ይቺን ልጅ ምን ነካት? ሲነጋ ሲመሽ ስሟን ትነግረኛለች። እዚሁ እያለን ሐኪም ይያት እንጂ!"