አጸደ ያልጻፈችው ጥናት

አጸደ በ1978 ዓ.ም. ቀራንዮ ወዳለ አንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ስትላክ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ሥራዋ በአንድ የመንግሥት መምሪያ ውስጥ የሕፃናትን ትምህርት ማጥናት ነው። የሥራ ባልደረቦቿ መጠይቅ በትነው በሳምንቱ ሰብስበው ይመለሳሉ። እሷ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከስልሳ ሁለት ሕፃናት ጋር ሰሌን ላይ ተቀመጠች። ያሉትን እንዳሉት ጻፈች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቶቻቸው ቤት እየሄደች ታዋራቸው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ የሰልፍ መዝሙር ለመለማመድ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ለጨዋታ የምትተርፋቸው ጊዜ ትንሽ ናት፤ በዚያች ጊዜ የሚወዱት ጨዋታ ፍተሻ ነበር። የአምስት ዓመቷ አልማዜ ሰሌኑን ገልብጣ፣ ጓደኞቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «የት ደበቃችሁት?» ትላለች። አጸደ የተደበቀው ምን እንደሆነ ስትጠይቃት «ወንድሜ» አለቻት።

የአልማዜ እናት ወይዘሮ ካሳነሽ ከከፋ መጥተው ቀራንዮ የኖሩ፣ ኮረሪማና ማር የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ተፈትሿል። በሦስተኛው ከአልጋ ሥር ጎትተው ወሰዱት። ይህን ለአጸደ የነገሯት ኮረሪማ እየፈለፈሉ፣ ቀና ሳይሉ ነው። አጸደም ጻፈችው።

ሪፖርቱን ባስረከበች በአሥረኛው ቀን የመምሪያ ኃላፊዋ ጓድ ደመቀ አስጠራት። ፍተሻው፣ ፀሐዩ፣ የእናቶቹ ቃል ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። በምትኩ ከወላጆች ዘጠና አራት በመቶው በመዋዕለ ሕፃናቱ መርካታቸውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ገብቷል።

«ይህን ቁጥር ከየት አመጡት?» አለችው።

የሰፈር ወሬ ጥናት እንደማይባል፣ ጥናት ማለት ቁጥር እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳት። ከዚያም ማስታወሻ ደብተሮቿን ሰኞ እንድታስረክብ አዘዛት፤ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ቀበሌው ማወቅ ይፈልጋል አላት።

አጸደ ኮሪደሩን በፍጥነት አቋርጣ ወጣች። ፈራሁ ብላ አሰበች፤ ግን ንዴት ነው። የተናደደችው በደመቀ ብቻም አይደለም። የእናቶቹን ስም ከነቤት ቁጥራቸው ደብተሮቹ ላይ የመዘገበችው ራሷ ናት።

ቅዳሜ ደብተሮቹን ይዛ ቀራንዮ ሄዳ ለወይዘሮ ካሳነሽ ሁሉን ነገረቻቸው።

«ስሜን ጻፊ ብዬሻለሁ?»

«አላሉኝም።»

«ስትጽፊማ አይቼሻለሁ። ለልጆቹ የሚበጅ መስሎኝ ዝም አልኩ። ስሜ ምን ያደርግልሻል?»

አጸደ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ካሳነሽ አቋርጠው፣ ስለ እሳቸው የጻፈችውን እንድታነብላቸው አዘዟት። አነበበች። «እናትየው በሐዘን ተውጣ ነገረችኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ሐዘን አይደለም። ተናድጄ ነው። አስተካክዪው።»

አስተካከለች። ከዚያ በየገጹ አናት ላይ ያሉትን ስሞችና የቤት ቁጥሮች አንድ በአንድ በምላጭ ቆረጠች፤ ካሳነሽ ደግሞ ቁራጮቹን እየተቀበሉ ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተቱ።

ሰኞ ደመቀ አናታቸው የተቆረጠ ገጾችን እያገላበጠ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቃት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ» አለች። በታረመው ሪፖርት ላይም አልፈርምም አለች።

በወሩ ወደ መማሪያ መጻሕፍት መጋዘን አዛወሯት። ሪፖርቱ ሽፋኑ ላይ የእሷ ስም ሰፍሮ፣ ከነዘጠና አራት በመቶው ታተመ። ስሟ እንዲወጣ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የሰጣት የለም። የታተመውን ሪፖርት ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር።

እናቶቹን ግን ማንም አልጠራቸውም። አጸደ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀራንዮ መሄዷን አልተወችም። ካሳነሽ ለወራት ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ሰላምታ ብቻ እየሰጡ ይመልሷት ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በሩን ከፍተው በርጩማ አቀረቡላት።

«በዚህ ሳምንት ሁለት ሕፃናት ፀሐይ ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ» አሏት። «ጻፊ። ስም ሳትይዢ።»

አጸደ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች።