ማጠፊያ ያለው ሳጥን

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። አናጢ ነው፤ በር፣ ቁም ሳጥንና የልብስ ሳጥን ይሠራል። የሠራው ጠረጴዛ ትንሽ ከተንገዳገደ እንቅልፍ አይወስደውም። ትናንት ሚስቱ ስትሞት ግን ድምፁን እንኳ አላሰማም። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ እሱ ወደ ሥራ ቤቱ ገባና ጣውላ መላግ ጀመረ።

«ሳጥኗን እኔ እሠራለሁ» አለኝ። «ቀብሩ ላይ ግን አልገኝም። አለቀ የሚባልበት ቦታ ቆሜ አልሰማም።»

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም። ባሏ የሌለበት ቀብር እንዴት ይሆናል? «ክርስቶስ ተነሥቷል፤ እሷም ትነሣለች፤ ተስፋ እንደሌለው ሰው አትሁን» እያልኩ ጆሮውን አደነቆርኩት። ቃሉ እውነት ነው። አወራሬ ግን ለጉንፋን መድኃኒት እንደሚያዝዝ ጎረቤት ነበር። እሱ መላጊያውን ይገፋል፤ ፍቅፋቂው እግሩ ሥር ይከመራል።

ዛሬ ጠዋት የሳጥኑን ውስጥ ላለብስ ነጭ ጨርቅ ይዤ ገባሁ። ሥራው አልቋል፤ እንከን አይወጣለትም። ክዳኑን ላነሣ ስል ግን በአንድ ጎኑ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ ልብስ ሳጥን ሦስት ማጠፊያ ገጥሞለታል!

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» ብዬ ጮህኩ። «የሬሳ ሳጥን በምስማር ይመታል እንጂ ማጠፊያ ይገጠምለታል? ደግሞስ ማን ሊከፍተው ነው?»

ገና አሁን ያየው ይመስል ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ ክዳን ሲገጥም የኖረ እጅ፣ እሱን ሳያማክር የለመደውን ሠርቷል። ካቻቪቴ አንሥቶ አንዱን ብሎን መፍታት ጀመረ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«እትዬ» አለ፣ «ከትናንት ጀምሮ ትነሣለች የምትይኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልጠፋ ያረጀሁ ሴትዮ፣ ማን ሊከፍተው ነው አልኩ!

«እንደ ሰባኪ ሳይሆን እንደ እህቴ ንገሪኝ» አለ። «ታምኚዋለሽ?»

ጨርቁን እንደታቀፍኩ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«እፈራለሁ» አልኩት። «ያንን ጉድጓድ ሳስበው እፈራለሁ። እንዴት እንደሚሆንም አላውቅም። ግን ጌታም ሞቶ ተቀብሮ ነበር፤ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ይህን አምናለሁ። እሱን ያስነሣ አምላክ እሷን አይረሳትም። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

«ይበቃል» አለና ሳጥኑን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ እሱን ስሰብክ የራሴን ሐዘን ረስቼው ነበር ለካ።

ከዚያ የፈታውን ብሎን መልሶ አጠበቀው። ፊቱን ታጠበ፤ ኮቱን ለበሰ። ጨርቁን አልብሰን፣ እሷን አስተኝተን ሳጥኑን ስናወጣ በፊት በኩል ተሸክሞ የመራን እሱ ነው።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ቆፋሪው ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየና መዶሻና ምስማር ይዞ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማጠፊያ በስሕተት የገባ መሰለኝ። ክዳኑን በምስማር ልምታው?»

«በስሕተት ነው የገጠምኩት» አለ ወንድሜ። «የተውኩት ግን አውቄ ነው። ይከፈታል።»