የአዎን ትንፋሽ

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሮም ከተማ አሰለፈች የተባለች የቤት ሠራተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ሊጻፍ የበቃው ወንበሩ የሲኞራ ኦርኔላ የሳሎን ወንበር ስለሆነ ነው። አሰለፈች ያንን ወንበር ስምንት ዓመት ስትወለውለው ኖራለች፤ ስትቀመጥበት ግን የመጀመሪያዋ ነው። እንዳሰበችው ለስላሳ ሆኖ አላገኘችውም።

ለዚህ ያበቃት ቀለበት ነው። ሲኞራ ማክሰኞ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ሥር አስቀምጬው ነበር ያለችው የወርቅ ቀለበት ጠፋ። "ሌባ" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። "እኔ ማንንም አልጠረጥርም፤ እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው" አለችና ወንድሟን ጠራች። ወንድሟ ኢንጂነር ፋውስቶ አሜሪካ ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ውሸት የሚለይ መሣሪያ ይዞ መጥቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሞከረው በሚስቱ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ለብቻው ነው የሚኖረው።

አሰለፈችን ያስጨነቃት ግን መሣሪያው አይደለም። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ለማሳደስ ሲኞራ "እኔ ዘንድ ትሠራለች" ብላ መፈረም አለባት፤ ፊርማውን ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትባል ከርማለች። በስርቆት ለተባረረች ማንም አይፈርምላትም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በመጨረሻ ደብዳቤው "እዚያው ሁኚ" ብቻ ብሎ ጽፎላታል። ለምን እንደሆነ አላብራራም፤ ጊዜው ብዙ የማይጻፍበት ነበር።

አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ደበሳይ ነው። የአስመራ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ተማሪ ቤት፣ ጣልያንኛውን ሮም ውስጥ በሃያ ዓመት አቅንቷል። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ካለ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ለሐበሻ ሴቶች ሥራ ያፈላልጋል። አሰለፈች ጣልያንኛ አላነሳትም፤ ኢንጂነሩ ግን ሰው በተዋሰው ቋንቋ ሲዋሽ ልቡ አይደነግጥም ብሎ፣ በእናቷ ቋንቋ እንድትጠየቅ አዘዘ።

ደረቷ ላይ የጎማ ቱቦ ታሰረ። ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ተጠመጠመ፣ ሁለት ጣቶቿም በሽቦ ተያዙ። ከመሣሪያው ሣጥን ላይ ቀጫጭን ብዕሮች በሚንሸራተት ወረቀት ላይ ያሰምራሉ።

"ጋሽ ደበሳይ፣ ይሄ ነገር ኤሌትሪኩ አይዘኝም?"

"እውነት ከተናገርሽ አይዝሽም።"

"ቀልድህን ለእሑድ አቆየው።"

"አሎራ፣ እንግዲህ፣" አለ ደበሳይ፣ ኢንጂነሩ የሰጠውን ወረቀት እያየ፣ "መልስሽ አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነው። ታሪክ አትጨምሪ። ስምሽ አሰለፈች ነው?"

አሰለፈች እንደ አገሯ ሰው ሁሉ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ደበሳይ "ሲ" ብሎ ተረጎመ። ብዕሩ ዘለለ።

"የምትኖሪው ሮም ነው?"

ትንፋሽ። ብዕሩ ዘለለ።

"ዛሬ ሐሙስ ነው?"

ብዕሩ ከወረቀቱ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየ።

"የሲኞራን ቀለበት ወስደሻል?"

"አልወሰድኩም።"

ብዕሩ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። በካውያ የተተኮሰ ጨርቅ ይመስላል፣ አንድ እጥፋት የለውም።

ኢንጂነሩ ብዙ አሰበ። መሣሪያው እንደሚለው ሴትዮዋ ስሟም አሰለፈች አይደለም፣ የምትኖረውም ሮም አይደለም፣ ቀኑም ሐሙስ አይደለም፤ እውነት የተናገረችው ስለ ቀለበቱ ብቻ ነው። "እንዲህ ያለውን መጽሐፉ ያውቀዋል" አለ በመጨረሻ። "በጥቃቅኑ ሁሉ እየደነገጠ ዋናው ላይ የሚረጋ ሰው፣ ተዘጋጅቶበት የመጣ ነው።"

"በስሟ እንኳ የምትዋሽ ከሆነ" አለች ሲኞራ፣ ሐዘን ቢጤ በድምፅዋ።

ደበሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲኞራ፣ ይሄ ውሸት አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። የእኛ ሰው አዎን ሲል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መሣሪያው የቆጠረው እሱን ነው።"

"ስምንት ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን እንዲህ ስታደርግ አልሰማሁም።"

"ለእርስዎ ሲ ሲኞራ ነው የምለው" አለች አሰለፈች በጣልያንኛ። "በጣልያንኛ ትንፋሹ ወደ ውጭ ነው።"

ኢንጂነሩ የሳይንስ ሰው ስለሆነ ማረጋገጫ ፈለገ። ቱቦውን ከአሰለፈች ፈትቶ ደበሳይን አስቀመጠና አሰረው። በጣልያንኛ ስምህ ደበሳይ ነው? ሲለው "ሲ" አለ፣ እንደ ሮሙ የትራስቴቬሬ ሰፈር ሰው ረገጥ አድርጎ። ብዕሩ ንቅንቅ አላለም።

ሲኞራ ወንድሟን አየችው።

"በአማርኛ ልጠይቀው" አለች አሰለፈች። ፈቀዱላት። "ጋሽ ደበሳይ፣ አንተ ለእኔ ክፉ አታስብም አይደል? ከጎኔ ነህ?"

ደበሳይ ሳያስበው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። ብዕሩ ዘለለ፤ ከአሰለፈችም ሐሙስ ይልቅ ዘለለ።

"ምንድን ነው የጠየቀችህ?" አለ ኢንጂነሩ።

"ምሳ በላህ ወይ ነው ያለችኝ።"

ብዕሩ እንደገና ዘለለ። ኢንጂነሩ ወረቀቱ ላይ "ምሳ" ብሎ ጻፈና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገ። ከዚያ ምልክቱን ሰርዞ፣ ምናልባት የትንፋሹ ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ። አሰለፈች ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረድ አለ። የሲኞራን ፊርማ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት የበሩ ደወል ጮኸ። በር መክፈት ሥራዋ ነው፤ ሄደች።

ደጃፉ ላይ ሃያ ዓመት የማይሞላት የሐበሻ ልጅ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ይዛ ቆማለች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። የሲኞራ ኦርኔላ ቤት ነው?"

"ነው። ማን ልበል?"

"ልዕልቲ እባላለሁ። አዲሷ ሠራተኛ ነኝ።" ሻንጣውን አስቀመጠችና ደረጃው ያመጣባትን ላብ ጠረገች። "ጋሽ ደበሳይ ናቸው ያገናኙኝ። የነበረችው ሐሙስ ትወጣለች፣ አሥር ሰዓት ላይ ድረሺ ብለውኛል።"

"መቼ ነው እንዲህ ያሉሽ?"

"እሑድ። ሲኞራም ቡና ቤቱ ድረስ መጥተው አይተውኛል። ፔርሜሶ የለኝም ብላቸው፣ ግድ የለም፣ እንዲያውም ይሻላል አሉ።"

ቀለበቱ የጠፋው ማክሰኞ ነው። አሰለፈች ይህን ለልጅቷ አልነገረቻትም። ሻንጣውን አንስታ "ግቢ፣ ሳሎን ናቸው" አለቻትና ከፊት ከፊት ሄደች።

ልዕልቲ ሳሎኑ በር ላይ ለሲኞራ እጅ ነሳች። ያጠናችውን ጣልያንኛ አንድም ቃል ሳትስት አለችው፦ "እሑድ እንደተስማማነው መጥቻለሁ፣ ሲኞራ።" ኢንጂነሩ እህቱን አየ፣ ቀን መቁጠሪያውን አየ፣ የመሣሪያውን ማጥፊያ ፈልጎ ተጫነው።

ልጅቷ ያኔ ነው ወንበሩ ላይ ያለውን ያየችው፤ ደረቱ በቱቦ፣ ክንዱ በጨርቅ፣ ጣቶቹ በሽቦ እንደተያዙ።

"ውይ፣ ጋሽ ደበሳይ" አለች በሐዘን፣ "አመመዎት እንዴ?"