እስከ ገበዝ ማርያም

መምህር ስመኘው ዋሽቶ አያውቅም ቢባል ውሸት ነው፤ ግን አይችልበትም። ሰው ደግሞ ሸክሙን የሚጭነው በማይችለው ላይ ነው።

ቡሬ በሚያስተምርበት ግቢ፣ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እያነበበ የሚወያይ ቡድን አቋቁሟል። አባላቱ ሰባት ናቸው። የግቢው ተማሪ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» እያለ ይተርባቸዋል። በየሐሙሱ ከሦስት በላይ ተገኝተው አያውቁም፤ ቀርታ የማታውቀው የቋሪቷ ባንቺአየሁ ብቻ ናት።

የዛሬው ሐሙስ ረፋድ ላይ አጎቷ ወልደ ሥላሴ ደወሉለት። ቁጥሩን «ስልኬ እንቢ ካለ በዚህ ይደውሉ» ብላ የሰጠቻቸው እሷው ናት።

«መምህር፣ ወንድሜ ጋሹ፣ የባንቺአየሁ አባት፣ ትናንት አረፈ። ልጅቱ እንዳትሰማ፣ አደራዎን! አመመው ብለው ይላኩልን። ነገ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ እናረዳታለን።»

በአገሩ ደንብ መርዶ በባዕድ አፍ፣ በመንገድ ላይ አይነገርም። ስመኘው ይህን ስለሚያውቅ ለስድስቱ ተማሪዎች ብቻ በሹክሹክታ ነገራቸው። ስህተቱም ይኸው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ስድስቱም መጡ።

የዕለቱ ተራ የባንቺአየሁ ነው። ምዕራፉ ደግሞ፣ አንዲት እንግሊዛዊት እናት የልጇን ሞት ከፖስታ ቤት በመጣላት ቴሌግራም ስትሰማ የሚያሳይ ነው።

«ይህን ለሌላ ቀን እናሳድረው» አለ ስመኘው።

«ኧረ መምህር! ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቼበት?»

ተነሥታ ቆመች። «እኔን ያሳዘነኝ የልጇ መሞት ብቻ አይደለም። ወረቀቱን በር ላይ ቆማ ብቻዋን ማንበቧ ነው። ጎረቤት አልነበራትም? እኛ ዘንድ ቢሆን ሰው ማልዶ ይመጣል፤ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ...»

ዙሪያውን አየች። አንድ ምዕራፍ አንብቦ የማያውቀው አንዷለም እንኳ ከፊት ወንበር ላይ መሬት መሬት ያያል። የአምለሰት ዓይን ቀልቷል። ባንቺአየሁ ስድስቱንም አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያ የቀረውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል አሉ» አላት ስመኘው ሲወጡ። «እኔም እናንተ አገር፣ ገበዝ ማርያም፣ ጉዳይ አለኝ፤ አብረን እንሂድ።»

የሥነ ጽሑፍ መምህር ገበዝ ማርያም ምን ጉዳይ ይኖረዋል? እሷ አልጠየቀችም።

ፍኖተ ሰላም ላይ መኪና ቀይረው ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጽሐፉ ጭኗ ላይ ነው። መኪናው ሲነሣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«መምህር፣ አደራዎን፣ እንዳይነግሩኝ። አጎቴ ማልደው ይመጣሉ፤ እሳቸውን እጠብቃለሁ» አለች።

«አልነግርሽም» አለ ስመኘው። ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ወደ መኪናው ጣሪያ ቀና አለ።

ባንቺአየሁ አየችው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችለት፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እንዲያለቅስ።