የሴት ብስክሌት

ከሁለቱ ብስክሌቶች የሚሻለው ተፈትኖ ለመንደሩ ፖስታ ቤት ሊገዛ ነው። ፖስተኛው ዋጊዮ ባለማርሹን ላፍ አደረገና፣ የመሐል ብረቷ ዝቅ ያለችውን የሴት ብስክሌት ለባልደረባው ለቱኪጃን ተወለት።

«የሴቷ ትበቃሃለች! ቀሚስም ላውስህ?»

የደብዳቤ ከረጢታቸውን ከኋላ ጭነው እኩል ተነሡ። ዋጊዮ ነፋስ ሆነ! ግን የጃቫ ሽማግሌዎች በየደጃፉ ተቀምጠዋል፤ በአገሩ ወግ በፊታቸው ከብስክሌት ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ግድ ነው። ዋጊዮ በወረደ ቁጥር እግሩን በከረጢቱ አናት ላይ ሲያሻግር፣ ቱኪጃን በዝቅተኛው ብረት በኩል ዱብ ብሎ ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ፣ እብስ ይላል።

መስጊዱ ጋ እግሩን ሲያነሣ የዋጊዮ ሱሪ ከኋላ ተተረተረ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ጎንበስ አትበል!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ በሳቅ እየፈረሱ።

ዋጊዮ ኋላውን በመዳፉ ሸፍኖ ጮኸ፦

«ቱኪጃን! የሴቷ ትገዛ! ቀሚስም ካለህ ወዲህ በል!»