ስለ ዓምበሮ የተሰጠ ቃል

ማዕበሉ የሶማሊያዋን የባሕር ዳር መንደር ሃፉንን ካጠፋ በኋላ የመጣው የእርዳታ ድርጅት ጨው የገባባቸውን የውኃ ጉድጓዶች አጸዳ፤ መረብና የጀልባ ሞተር አደለ፤ በመጨረሻም ተራው የቤት ሆነ። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲመርጥ ተባለ፦ ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ አዲስ ቤት፣ አለዚያም ሥራው ከባሕሩ ጋር ለሆነ ሰው፣ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ዳርቻ የድንጋይ ማብሰያ ቤትና ማደሪያ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ዓምበሮ ለመምረጥ አልተቸገረችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው ከባሕር ለሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች ሩዝና ሻይ እየሸጠች ነው። ታናሽ ወንድሟን ዋርፋን ያሳደገችውም በዚያው ምድጃ ነው። አሁን እንኳ ምድጃው በነበረበት ቦታ ሸራ ወጥራ ታበስላለች። ጀልባውን ጎትቶ ያወጣ ሰው መጀመሪያ ባገኘው ድስት አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ሩዝ ፍለጋ ኮረብታ አይሻገርም።

ቤተሰቦች ምርጫቸውን በሚናገሩበት ሸንጎ ዋዜማ ኢድል የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ሴቶቹ ድንኳን መጥታ ምንጣፉ ላይ አብራቸው ተቀመጠች። ልጅነቷ ገና ከፊቷ አልጠፋም።

«ወንዶቹ የፈለጉትን ይበሉ፤ እናንተን ራሳችሁን ነው የምጠይቀው» አለች።

«በሸንጎ መሀል?» አለች የዓምበሮ ጎረቤት ሰሃርላ። «ሽማግሌዎቹን ሻዩ ትን ይላቸዋላ።»

«ትን ይበላቸው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ዓምበሮም ከሳቁ መሀል፣ «እኔ ዳርቻውን ነው የምፈልገው፤ ምድጃዬ ያለበትን» አለች።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ ዓምበሮ።»

ማታ ለዋርፋም ነገረችው፤ የምትቆጠረው በእሱ ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ። «ነገ ተራችን ሲደርስ ዳርቻውን በል፣ እሺ?»

«እሺ እትዬ። ሌላ ምን ልል ኖሯል?» አለ ከድስቱ ሥር የተያዘውን ሩዝ እየፋቀ።

በማግስቱ ወንዶቹ በመስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ዓምበሮ ሻይ እንድትቀዳ ተጠርታ ስለነበር ከኋላቸው ቆማለች። ዋርፋ ተነሣ።

«እኔና እህቴ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን መርጠናል። እሷም ተስማምታለች።»

ከፊት የተቀመጠው ፋራህ ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። ዋርፋ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ አባት ነው። ያን ጊዜ ለዓምበሮ ሁሉም ነገር ገባት።

ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጣ ምርጫውን ወደምትመዘግበው ኢድል ተመለከተች። ኢድልም ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዓምበሮ ጠበቀች።

ኢድል አቀረቀረችና፣ «ቀጥሎስ?» አለች።

ዓምበሮ ራሷ መናገር ትችል ነበር። ግን ያሳደገችውን ልጅ አማቱ ሊሆን በተቃረበ ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ አልሆነላትም። የሚቀጥለውን ብርጭቆ ቀዳች።

ሸንጎው ሲበተን ኢድልን መኪናው አጠገብ አገኘቻት።

«ትናንት ሰምቻለሁ አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ?»

ኢድል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብላ አየች። «ፊት ለፊት ብቃወማቸው ሥራውን ሁሉ ያስቆሙብኛል። ትምህርት ቤቱ ገና ጣሪያ አልለበሰም። ደግሞ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፣ እትዬ። ማዕበል አይደርስበትም።»

«ጀልባም አይደርስበትም» አለች ዓምበሮ።

ኢድል እጇን ልትይዛት ዘረጋች። የዓምበሮ እጆች ግን ብርጭቆ ይዘዋል።

አመሻሹ ላይ ዋርፋ መጣና ሸራው ደጃፍ ቆመ።

«ተቀየምሽኝ?»

ድስቱን መፈተጓን ቀጠለች።

«ሰውዬው ልጄን ባሕር በበላው ቦታ አላኖርም አለኝ። ምን ላድርግ? ደግሞ አብረን እኮ ነው የምንገባው፤ አንዱ ክፍል ያንቺ ነው።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እሺ እልህ ነበር ይሆናል» አለች። ይህን ስትል ራሷንም ገረማት። እውነቷን ነበር፤ ይበልጥ ያስከፋትም ይኸው ነው።

ዋርፋ እግሩን አሸዋው ውስጥ ቀበረ። «ነገ ሴቶቹን ይዘሽ ልጅቷን ለመጠየቅ እነፋራህ ቤት ትሄጂልኛለሽ አይደል? ከአንቺ በቀር እናት የለኝም። እህትህስ የት አለች ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

«ተስማምታለች በላቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጀልባዎች ገቡ። ዓሣ አጥማጆቹ እንደ ልማዳቸው ሸራው ሥር ተኮልኩለው በሉ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ዓምበሮ፣ ከእንግዲህ የት እናግኝሽ?» አላት አንዱ አፉ ሩዝ እንደሞላ።

በጭልፋዋ ኮረብታውን አሳየችው።

«እዚያ ሄደን እስክንመለስ እኮ መልሶ ይርበናል» አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው።

በዚያ ዳርቻ ቀልድ ጥሎባት መልስ ሳያገኝ የሄደ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን ተቀብላ ሻይ ብቻ ጨመረችለት።